ሴሉ ሁሉ አረንጓዴ ሲያበራ

ከጅማ የጻፈችልን የማስተርስ ተማሪ ጥያቄዋ ይህ ነው፦ «ከደም የለየኋቸው ሊምፎሳይቶች (ነጭ የደም ሴሎች) ላይ ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን የተያያዘበት የሲዲ3 አንቲቦዲ (ቲ ሴሎች ላይ ያለውን ሲዲ3 ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ) እጨምራለሁ፤ ቀጥሎ ኤፍአይቲሲ (አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም) ያለው አቪዲን። በማይክሮስኮፕ ሳይ ሴሉ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ አንቲቦዲ ያልገባበት ቱቦም ጭምር። ጓደኛዬ የሰጠችኝን ስትሬፕታቪዲን ስሞክር ደግሞ ጭራሽ ደበዘዘ። የምሠራው አርፒኤምአይ (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ውስጥ ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ አንቲቦዲ የሌለበትን ቱቦ ማዘጋጀትሽ ግማሹን ሥራ ጨርሶልሻል። እሱም ካበራ አንቲቦዲውን አትጠርጥሪ። ሴሉ ላይ የተለጠፈው አቪዲኑ ራሱ ነው።

አቪዲን ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝ፣ ከእንቁላል ነጭ የሚገኝ ነው። ስኳር የተሸከመ ፕሮቲን ነው፤ ፒኤች 7.4 ላይ ደግሞ ኃይለኛ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። የሴል ሽፋን ኔጌቲቭ ስለሆነ ባዮቲን ኖረም አልኖረም ይጣበቅበታል። ስትሬፕታቪዲንም ባዮቲንን ይይዛል፤ የሚወጣው ግን ከባክቴሪያ ነው። ስኳር የለውም፣ ቻርጁም ቀላል ነው። ጓደኛሽ የሰጠችሽ ትክክለኛውን ነው፤ እሱን ያዢ።

ታዲያ ለምን ደበዘዘ? ጣጣው ያለው አርፒኤምአይ ላይ ነው። በ1 ሊትር ውስጥ 0.2 ሚሊግራም ባዮቲን አለው። ቁጥሩ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም፤ ግን አስይው። 100 ማይክሮሊትር ውስጥ 20 ናኖግራም ባዮቲን አለ ማለት ነው። 1 ማይክሮግራም ስትሬፕታቪዲን ባዮቲን በሚይዝባቸው አራቱም ቦታዎቹ ቢይዝ የሚችለው 17 ናኖግራም አካባቢ ነው። ሴልሽ ጋ ሳይደርስ ይሞላል። አንዴ የያዘውን ባዮቲን ደግሞ በዋዛ አይለቅም። ሴረምም (ከደም የሚለየው ፈሳሽ) የራሱ ባዮቲን ስላለው እሱንም አስወግጂ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ፒቢኤስ (ፒኤቹን የሚጠብቅ የጨው ውሃ) ከ1% ቢኤስኤ (ከላም ሴረም የሚገኝ ፕሮቲን) ጋር ተጠቀሚ። በሴንትሪፉጅ በ300 ጂ (የመሬት ስበት 300 እጥፍ) ለ5 ደቂቃ አሽከርክሪ፣ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ጥርግ አድርገሽ አውጪ፣ ቢያንስ ሁለቴ እጠቢ። ከአንቲቦዲው በኋላም እንዲሁ አድርጊ፤ ሳይታጠብ የቀረው አንቲቦዲ ስትሬፕታቪዲኑን ይሻማብሻል። የዱቄት ወተት አደራ እንዳታስገቢ፤ ባዮቲን አለበት።

ሁሉንም በረዶ ላይ ሥሪ። በሕይወት ያለ ሴል ሞቅ ካለው አንቲቦዲውን ወደ ውስጥ ይውጠዋል። መብራት ድንገት እንደሚሄድ ታውቂያለሽና በረዶውን ጠዋት አዘጋጂ፤ ሴንትሪፉጁ እስኪመለስ ቱቦዎቹ እዚያው ይቆያሉ። ኤፍአይቲሲ ብርሃን አይወድም፣ አሲድም ያደበዝዘዋል። ቱቦውን በፎይል ሸፍኚ፣ የፒቢኤሱንም ፒኤች ለኪ።

ወደፊት የሴሉን ሽፋን በስተሽ የውስጡን የምታይ ከሆነ ሌላ ፈተና አለ። ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ባዮቲን የተሸከሙ ኢንዛይሞች አሉ። ያኔ መጀመሪያ ቀለም የሌለው አቪዲን፣ ከዚያ ነጻ ባዮቲን ሰጥተሽ፣ አጥበሽ ነው አንቲቦዲውን የምታስገቢው።

መጠኑን የፋብሪካው ወረቀት ላይ ካለው ጀምረሽ እያጋመስሽ በአራት ቱቦ ሞክሪ። ለእያንዳንዱ አንቲቦዲ የሌለው ጥንድ ይኑረው። የምትመርጪው በጣም የሚያበራውን ሳይሆን ከጥንዱ ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየውን ነው።