መዋኘት ሳልችል ነጭ አባይ ላይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ወር አምስት ጓደኛሞች ወደ ኡጋንዳ ልንሄድ ነው። ካምፓላ ሰርግ አለብን፤ ከዚያ ጂንጃ ወርደን ራፍቲንግ (በአየር በተነፋ ጀልባ ኃይለኛ ወንዝ መውረድ) እንሞክራለን ብለው ወስነዋል። "ወስነዋል" ያልኩት እኔን የጠየቀኝ ስለሌለ ነው። እኔ ደግሞ መዋኘት አልችልም፤ ሶደሬ እንኳ ሄጄ ገንዳው ዳር እግሬን ነክሬ ነው የምመለሰው። "ላይፍ ጃኬት አለ፣ አታካብጂ" ይሉኛል። እውነት መዋኘት የማይችል ሰው ይገባል? ለእናቴስ ልንገራት?
ፈሪዋ፣ ከጎፋ

መልስ፦ እህቴ ፈሪዋ፣ አዎ ይገባል። እኔም መዋኘት ሳልችል ነው የገባሁት፣ አሁንም አልችልም። ግን ጓደኞችሽ የነገሩሽ ግማሹን ነው። ላይፍ ጃኬቱ መልሶ ያንሳፍፍሻል እንጂ ውሃ ውስጥ ከመግባት አያድንሽም። ጀልባው ከተገለበጠ ትገቢያለሽ፣ ላይና ታቹ ይጠፋብሻል፣ ትንሽ ውሃም ትጠጫለሽ፣ ከዚያ ብቅ ትያለሽ። የእኛዋ ጀልባ ስትገለበጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ የቆየሁ ነበር የመሰለኝ። በኋላ ቪዲዮውን ስናየው ስድስት ሰከንድ ነው! "አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ የዚያን ቀን ግንዱ እኔ ነበርኩ።

አባይ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ጂንጃ ከካምፓላ በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው እዚያ ነው፤ ካርቱም ላይ ከእኛው ጋር የሚገናኘው ማለት ነው። ውሃው ብዙና ጥልቅ ነው፣ አይበርድም። ድንጋይ ላይ እየተላተመ ነጭ አረፋ የሚሆንበትን ቦታ ራፒድ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከራፒዱ በኋላ ሰፊ የረጋ ውሃ ይመጣል፣ ለእንዳንቺና ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ምክንያቱም በካያክ (በትንሿ የአንድ ሰው ጀልባ) የሚከተሉት ልጆች መጥተው እስኪለቅሙሽ ጊዜ አለ።

ራፒዶቹ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጣቸዋል። 6 ማለት ቱሪስት የማይገባበት ነው። ኢታንዳ የሚባለው ፏፏቴ ላይ እኛም ከጀልባው ወርደን ከባዱን ክፍል በእግራችን ነው ያለፍነው። 5 የሚያገለባብጠው ነው። 3 ደግሞ አስጩኾ፣ አርሶ የሚለቅ። ስለዚህ ስትመዘገቡ "ስንት ደረጃ ድረስ ነው?" ብለሽ ጠይቂ፤ ቀለል ባለው በኩል ብቻ የሚሄድ ጉዞም አለ። ድሮ የሄደ ሰው የሚነግርሽን ሁሉ ግን አትመኚ። ወንዙ ተለውጧል። ታዋቂው የቡጃጋሊ ፏፏቴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የተመረቀው 250 ሜጋ ዋት ግድብ ውሃ ውጦታል፣ በ2019 ደግሞ ከታች የኢሲምባ ግድብ መጥቶ ሌሎች ራፒዶችን ወስዷል።

አሁን ዋናው ነገር። ጠዋት ጋይዱ ራስ ቁርና ጃኬት ሲያድል፣ ጓደኞችሽ ሳይሆኑ አንቺ ራስሽ "መዋኘት አልችልም" በይው። ጮክ ብለሽ። እኔ አፍሬ ዝም አልኩና ፊት ላይ አስቀመጠኝ። ፊት ማለት ማዕበሉን በጥርስሽ የምትቀበይበት ቦታ ነው። ቢያውቅ ኖሮ ወደ ኋላ፣ እሱ አጠገብ ያደርገኝ ነበር። ጃኬቱን ራሱ ያጥብቅልሽ፤ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሲስበው ወደ ጆሮሽ ከወጣ ልል ነው። ከጉዞው በፊት የረጋው ውሃ ላይ ሆን ብላችሁ ግቡ ይላችኋል። ግቢ። እዚያ ከፈራሽ ቢያንስ ገና ዳር ላይ ነሽ።

ከወደቅሽ በጀርባሽ ተንጋለዪ፣ እግርሽን ውሃው ወደሚወርድበት ዘርጊ፣ የእግር ጣቶችሽ ከውሃው በላይ ይታዩ። ወራጅ ውሃ ውስጥ ለመቆም እንዳትሞክሪ፣ እግር ድንጋይ መሃል ይቀረቀራል። ብቅ ስትዪ ከጀልባው ሥር ከሆንሽ ከላይሽ ያለውን ጀልባ በእጅሽ እየገፋሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሂጂ። የመቅዘፊያውን ጫፍ ደግሞ አትልቀቂው፤ የጓደኛዬን ከንፈር የተረተረው ማዕበል አይደለም፣ የእኔ መቅዘፊያ ነው። (ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አሁንም ያነሳዋል።)

ዊግና የጆሮ ጌጥ ሆቴል ይቅሩ። ሰን ስክሪን ተቀቢ፣ "ሐበሻን ፀሐይ አያቃጥልም" ያለኝ ሰው ጭኑ ተልጦ ነው የተመለሰው፤ ቦታው የምድር ወገብ አጠገብ እኮ ነው። ቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን አትርሺ። ጾም ካልሆነ ስትመለሱ ሮሌክስ ብሉ፤ ሰዓቱን አይደለም፣ ቻፓቲ ውስጥ የተጠቀለለ እንቁላል ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ እኔ ለእናቴ ከተመለስኩ በኋላ ነው የነገርኳት። አንድ ወር አኩርፋኛለች። አንቺ ቢያንስ ለእህትሽ ወይም ለወንድምሽ የት እንደምትሄጂ ንገሪ። ዳር ላይ ደርሰሽ ደግሞ ሆድሽ እንቢ ካለሽ ቅሪ። የከፈልሽው ገንዘብ ይቅር፣ ዳር ሆነሽ ፎቶ አንሺያቸው፤ የሚስቁብሽ ለአንድ ምሳ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ከጂንጃ ተመለስኩ። አንዱ ወዳጄ "ውሃው ቢልሃርዚያ አለበት" ብሎ እንቅልፍ ነሳኝ። ምንም አያመኝም። ምን ላድርግ?
የነቃው፣ ከሲኤምሲ

መልስ፦ ወዳጅህ አልዋሸም። ቪክቶሪያ ሐይቅም ሆነ ከሱ የሚወጣው ወንዝ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ያለ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ አለበት። የእኛዎቹ ጣናና ዝዋይም አለባቸው፣ ስለዚህ ለሐኪሞቻችን እንግዳ በሽታ አይደለም። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ በተለይ ሣር ባለበት የረጋ ዳርቻ። አለመታመምህ ብቻውን ነፃ ነህ ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ይዞት ይዞራል። ግን ዛሬውኑ ፋርማሲ ሮጠህ ፕራዚኳንቴል አትዋጥ። መድኃኒቱ ያደጉ ትሎችን ነው በደንብ የሚገድለው፣ ቶሎ ከወሰድከው ገና ያላደጉት ያመልጣሉ። ውሃው ውስጥ ከገባህ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሐኪም ጋ ሂድና "ቢልሃርዚያ ያለበት ወንዝ ውስጥ ገብቼ ነበር" በለው፤ ካላልከው ላይመረምርህ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የቆዳ ሽፍታ ከመጣብህ ቀኑን አትጠብቅ። ትኩሳት ከሆነማ የወባም ምርመራ በዚያው ቀን።