«ጸሎት አልወጣ አለኝ»

ለዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ አራት ደብዳቤዎችን መርጠናል። የመጀመሪያው ብዙ ሰው በየጊዜው የሚጠይቀን ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

«ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ድሮ ሳልጸልይ አልተኛም ነበር። አሁን ግን ሥዕሉ ፊት ቆሜ "በስመ አብ" ካልኩ በኋላ ቃል ይጠፋኛል፤ "ለምን?" ብቻ ነው የሚመጣልኝ። እናቴ ደግሞ "ማማረር ኃጢአት ነው" ትለኛለች። ምን ላድርግ አቦ?» (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

እህታችን፣ እናትሽ የሚመክሩሽ ከልብ ነው። ግን እግዚአብሔርን ማማትና ብሶትን ለእግዚአብሔር መናገር አንድ አይደሉም። የሚያማ ሰው ከጀርባ ነው፤ ዳዊት ግን የሚጮኸው ፊት ለፊት ቆሞ ነው። መዝሙር 12ን ክፈቺ፤ ስድስት ቁጥር ናት። መጀመሪያ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይሞግታል፤ ቀጥሎ ዓይኖቼን አብራልኝ እያለ ይለምናል፤ በምሕረትህ ታመንሁ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ሐዘንተኛን የሚያደክመው ሰው ሁሉ ሙግቱን አዘልሎ ከመጨረሻው ቁጥር ሊያስጀምረው ሲፈልግ ነው። መዝሙር 87 እንዲያውም ወዳጅ ዘመድ ራቀኝ ብሎ እዚያው ያበቃል፤ ማጽናኛ አልተቀጠለለትም። ጌታም በመስቀል ላይ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ሲል የመዝሙር 21ን መነሻ ነው የጮኸው። ስለዚህ ያንን «ለምን?» አትዋጪው፤ ጸሎትሽን ከእሱ ጀምሪ።

አሁን ወደ ተግባሩ። ዳዊት በሳምንት ተከፋፍሎ ይደገማል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። ልቡ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ሙሉ ሥርዓት ልጀምር ይላል። ሰኞና ማክሰኞ በእልህ ያልፋሉ፣ ረቡዕ ይደክመዋል፣ ሐሙስ ይተወዋል፤ ከዚያ በኋላ በሐዘኑ ላይ ጸጸት ይደርብበታል። አንቺ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ መዝሙር ብቻ ያዢ። 12፣ 21፣ 41፣ 87 እና 129ን እያፈራረቅሽ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ። በዓይን ብቻ ሲነበብ ሐሳብ ይሸሻል፤ ጆሮ ሲሰማው ግን ይመለሳል። አንዱ ቁጥር ጉሮሮሽን ከያዘሽ አትለፊው፤ ሦስት ጊዜ ደግመሽ እዚያው ቁሚ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 12 ጊዜ፣ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያትን ብለሽ ጨርሺ። ሁሉም ተደምሮ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። መቆም ካቃተሽ ተቀመጪ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨምሪበት።

ሰዓቱንም ቀይሪው። ባል ከሥራ ይገባበት የነበረው የምሽት ሰዓት ለሐዘንተኛ ከሁሉ የከበደ ነው፤ በዚያ ላይ የድሬ ቤት በማታው ግድግዳው ገና ሙቀቱን አልለቀቀም። ጸሎትሽን ወደ ነግህ አምጪው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ደጃፍሽ ላይ። ለምሽቱ ደግሞ ሰው ይኑርሽ። ከጎረቤት ልጆች ማንበብ የሚችል ካለ ጥሪና ዳዊቱን ያንብብልሽ፤ መስማትም መጸለይ ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የመዝሙር ቁጥር በሁሉም መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ዓይነት አይደለም። ከላይ የጻፍነው በዳዊቱ አቆጣጠር ነው። ጴንጤ እህት ወይም ጓደኛ ካለችሽ፣ እሷ በያዘችው መጽሐፍ የእኛው 12 ቁጥሩ 13፣ የእኛው 87 ደግሞ 88 ነው፤ በእኛው 9 ላይ ሁለት መዝሙር አንድ ላይ ስለተቆጠረ ከዚያ በኋላ የእሷ ቁጥር ባብዛኛው በአንድ ይበልጣል። 148 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይገጥማል። አብራችሁ ልትጸልዩ ስትሉ ቁጥሩን ትታችሁ መነሻውን ቃል ተጠራሩ።

ሌላው፣ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍና ምግብ ጭራሽ እምቢ ካለሽ፣ ወይም «ምነው እኔንም በወሰደኝ» የሚለው ሐሳብ ከተመላለሰብሽ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሪና ሆስፒታል ሂጂ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ (አንደኛ ነገሥት 19) መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ፣ አርባ ቀን ሄዶ ኮሬብ ሲደርስ ነው።

«የዘጠኝ ዓመት ልጇን የቀበረች ጎረቤት አለችኝ። ለቅሶ ቤት ገብቼ የምለው ይጠፋኛል። "እግዜር ወዶት ነው የወሰደው" ስላት ፊቷን አዞረችብኝ።» (ከሸዋ በር አካባቢ፣ ሐረር)

ብታዞርብሽ አይፈረድባትም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደህና ነበሩ፤ የተሳሳቱት የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ እንጂ ሲሞግተው በከረመው በኢዮብ ላይ አይደለም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» በያት፣ ተቀመጪ፣ በቃ። የልጁን ስም ለመጥራት አትፍሪ፤ እናት የምትፈራው ስሙ ሲረሳ ነው። «አታልቅሺ» አትበያት። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል።

እስከ ሠልስት ድረስ ሰው ሞልቷል፤ እድሩ አለ፣ እዝን የሚያመጣው ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ነው። ችግሩ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ከሠልስት እስከ አርባ ባለው ጊዜ የሳምንት ሁለት ቀን ያዢ፤ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ቡናውን አንቺ ይዘሽ ሂጂ፤ እሷ እንድታፈላ አትጠብቂ። «የሚያስፈልግሽን ንገሪኝ» ማለት ለሐዘንተኛ ሌላ ሥራ መስጠት ነው። «ውሃ ልቅዳልሽ»፣ «ታናሹን ትምህርት ቤት እኔ አደርሰዋለሁ» በያት።

«አባቴ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ጠበል ሊጀምር ነውና "እምነቴ ሙሉ ይሁን" ብሎ መርፌውን ሊያቆም አስቧል። ይጾማልም።» (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

እንዳያቆም። መርፌው ሲቋረጥ በቀናት፣ አንዳንዱ ላይ በሰዓታት ውስጥ ደም ወደ አሲድነት ይሄዳል፤ ብርቱ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ ትውከትና ፈጣን ትንፋሽ ካያችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። መጽሐፈ ሲራክ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረና ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ይናገራል። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም ለኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ሕመምተኛ በጾም አይገደድም፤ ይህን የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ከልጅ አፍ አይቀበሉትም።

ጠበል በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ የጠዋቱን መርፌ ተወግተው ሳይበሉ እንዳይሄዱ። ስኳሩ ይወርድና ላብና መንቀጥቀጥ ይመጣል። መርፌውንና ቁርሱን ከጠበሉ መልስ አድርጉት፤ ሰዓቱን ስንት ድረስ መግፋት እንደሚቻል ግን ሐኪማቸውን ጠይቁ። ለማንኛውም በኪሳቸው ስኳር ይኑር፤ ከወረደባቸው ሦስት የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው። ለኢንሱሊኑ ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስገብታችሁ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ ሙሉበት፤ በድሬ ደረቅ አየር በደንብ ያቀዘቅዛል። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሉት፣ በረዶ ግን አታስነኩት።

«ልጄ ከጅቡቲ በሰላም ቢመለስልኝ ለቁሉቢ ገብርኤል ትልቅ ምንጣፍ ተስዬ ነበር። ልጁ ገባ። የምንጣፉ ዋጋ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ልበደር?» (ከደቻቱ ማዶ፣ ድሬዳዋ)

አባታችን፣ አይበደሩ። መክብብ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ማለቱ እውነት ነው፤ እርስዎን የሚያስፈራዎትም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ዘሌዋውያን 27፥8ንም ያንብቡ፦ የተሳለው ሰው ድሀ ከሆነ ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለት ይላል። ንስሐ አባትዎ ዘንድ ቀርበው የተሳሉትንና አሁን ያለዎትን በግልጽ ይንገሩ፤ ያቀለሉልዎትን ይፈጽሙ። ስለት የልጅዎ ዋጋ አይደለም። በታኅሣሥ 19 የሚታሰቡት ሦስቱ ወጣቶች እንኳ እሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ «ባያድነንም» ለጣዖቱ አንሰግድም ነው ያሉት።

ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ላይ መድረስ ግድ አይደለም። በሌላው ወር በ19 ቢሄዱ ግፊያ የለም፣ መኪናውም ይቀላል። ስለቱን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለሚቀበሉት ሰዎች ብቻ ሰጥተው ደረሰኝ ይቀበሉ፤ መንገድ ላይ «እኔ ላድርስልዎት» ለሚል አይስጡ። የደንገጎን ዳገት ከወጡ በኋላ ብርዱ የድሬ አይደለምና ጋቢዎን አይርሱ።