ከ«ያምራል?» በፊት «እንዴት ተሠራ?»፦ በየዕለቱ ከምናየው ስለሚገኝ ጥበብ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። መተዳደሪያዬ ግራፊክስ ዲዛይን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፎቶግራፍ ለሚጀምሩ ወጣቶች አስተምራለሁ። በዙሪያችን ስላለው ጥበብ፣ ንድፍና ፎቶ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ መልሻለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ብዙዎቻችሁ «የሚያምር ነገር የት ላግኝ?» ብላችኋል። እኔ የማምንበት፣ አንድን ነገር «ያምራል?» ከማለት በፊት «እንዴት ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያየው አያልቅበትም። መልሶቼ ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ በቀን ስንትና ስንት የሚያምር ፎቶና ዲዛይን አያለሁ፤ ሥራ ስጀምር ግን ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። ምን ይሻለኛል? (ከአዳማ)

ስልክህ ላይ የምታየው ያለቀለትን ነው። ከምን እንደተጀመረ፣ የቱ ተሞክሮ እንደተጣለ አይታይህም። ለጥቂት ሳምንት አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ምረጥ፤ በር፣ ወይም በርጩማ፣ ወይም የሱቅ ጽሑፍ። ወደ ሥራ ስትሄድና ስትመለስ እሱን ብቻ እይ። የብረት በሮችን ብትመርጥ፣ እያንዳንዱ በያጅ የራሱ እጅ እንዳለው ቶሎ ይገባሃል፤ አንዱ የፀሐይ ጨረር ይወዳል፣ አንዱ ዳር ዳሩን አበባ ያስይዛል፣ ሌላው ክብና አራት ማዕዘን ይደጋግማል። ከዚያ የወደድከውን በር ፎቶ ከማንሳትህ በፊት በእርሳስ ንደፈው። ዓይንህ ዘሎት የነበረውን ነገር እጅህ ያገኘዋል፤ ብረቱ የት ላይ እንደተቀጠለ፣ ግራና ቀኙ ለምን እኩል እንዳልሆነ። ሥራ ስትጀምር ጭንቅላትህ ውስጥ የሚቀርልህ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሣር ስፌት ስትሰፋ ኖራለች። ልጆቻችን «የድሮ ሰው ሥራ» ይሉታል። ይህስ እናንተ ዲዛይን ከምትሉት ይቆጠራል? (ከደብረ ማርቆስ)

መምህር፣ ጥያቄዎን ሳነብ በጣም ደስ ብሎኛል። ይቆጠራል፤ እኔ ለተማሪዎቼ ንድፍ ምን እንደሆነ ማስረዳት ስፈልግ መጀመሪያ የማቀርብላቸው ሞሰብ ነው።

ባለቤትዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ለሌሎች አንባቢዎች ብዬ ልዘርዝረው። አክርማ የሚባለው ሣር ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፣ ስንደዶ የሚባለው ሣር በላዩ ይጠመጠማል፣ ወስፌው ያለፈውን ዙር እየበሳ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ያያይዛል። አለላው፣ ማለትም ቀለም የተነከረው ስንደዶ፣ የሚገባው በቁጥር ነው። አሁን ሥራው የሚከብድበትን ቦታ እዩልኝ። ዙሩ ከመሃል እየራቀ በሄደ ቁጥር ይሰፋል፤ ስለዚህ ንድፉ ቅርጹን እንዲጠብቅ ሰፊዋ በየዙሩ ስንት እንደምትጨምር ማወቅ አለባት። ቀለሙን በሁለቱም ጎን በእኩል እየጨመረች ከሄደች ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ጨምራ ጨምራ መልሳ እየቀነሰች ከመጣች አልማዝ ቅርጽ ይሆናል። በየዙሩ በአንድ ስፌት ወደ አንድ ጎን ብቻ ከገፋችው ደግሞ ንድፉ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ አልተሣለም፤ ተሰፍቶ የተጠናቀቀው ሞሰብ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ በሐሳቧ አለ። ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ክብ ንድፍ ለመሥራት ተማሪዎቼ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል።

ልጆችዎ አንድ ከሰዓት እናታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ዙሩን አብረው እንዲቆጥሩ ይጠይቁልኝ። እግረ መንገድዎን፣ ባለቤትዎ የትኛውን ንድፍ ከማን እንደተማሩትና ምን ብለው እንደሚጠሩት በደብተር ይጻፉልን። የንድፎቹ ስም ከሰፊዎቹ ጋር እየጠፋ ነው፤ ይህ እውነት ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ በዓል ላይ እናቴን ነጠላ ለብሳ ሳነሳት ፊቷ ይጠቁርብኛል። ካሜራው ነው ችግሩ? (ከሐዋሳ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙዎች)

ካሜራው አይደለም። ስልክ የምስሉን ብርሃን በአማካይ አይቶ ነው የሚወስነው። ነጠላው ነጭ ነው፣ ፀሐይ አርፎበታል፣ ፍሬሙን ሞልቶታል። ስልኩ «ብርሃን በዛ» ይልና ሁሉንም ያጨልመዋል፤ የሚጎዳው የእናትሽ ጠይም ፊት ነው።

እናትሽን ከፀሐይ ወደ ጥላ አምጫት፤ የበሩ ደፍ ወይም የበረንዳው ጫፍ ጥሩ ቦታ ነው። ፊቷ ወደ ውጭው ብርሃን ይዙር፣ ከኋላዋ የቤቱ ውስጥ ጨለም ያለው ይሁን። ስክሪኑ ላይ ፊቷን ንኪ። የፀሐይ ምልክት ያላት መስመር ስትመጣልሽ የነጠላው ድርና ማግ እስኪታይ ድረስ ትንሽ ብቻ ወደ ታች ጎትቻት። ፊቷም ይበራል፣ ነጠላውም ወረቀት አይመስልም። የጥለቱ ሥራ ጎልቶ እንዲወጣ ከፈለግሽ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይምጣ፤ ከጎን የመጣ ብርሃን ክሩን አንድ በአንድ ያሳየዋል።

ሌላም ልጨምር። ጥምቀት ላይ በቀለማት ጃንጥላ ሥር ያለ ሰው ስታነሺ የጃንጥላው ቀለም ፊቱ ላይ ያርፋል። ቀይ ጃንጥላ ፊትን ያቀላል፣ አረንጓዴው ግን የታመመ ያስመስላል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ማለት ይበቃል።

ጥያቄ፦ በቀን ውስጥ ለፎቶ ጥሩው ሰዓት ስንት ነው?

ጠዋት ከፀሐይ መውጫ እስከ 2 ሰዓት ግድም፣ ማታ ከ11 ሰዓት ጀምሮ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ያኔ ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ ይጨልማል። ክረምትን ግን አትናቁ። ደመናው ብርሃኑን ስለሚበትነው ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ነው፤ የታጠበ ቅጠልና እርጥብ ቆርቆሮ ቀለማቸው እንደ ክረምት የሚደምቅበት ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ሎጎ ስሠራ በላቲን ፊደል ያምራል፤ በአማርኛ ስጽፈው ይበላሻል። ፊደላችን ለዘመናዊ ዲዛይን አይመችም ይላሉ። እውነት ነው?

እውነት አይደለም፤ ይህን የሚሉ ሰዎች ብራና ቀርበው አላዩም።

አንድ የብራና መጽሐፍ ፊት ለፊት ብታገኝ ከጽሑፉ በፊት ባዶውን ቦታ እይ። ጸሐፊው ቀለም ከመንካቱ በፊት ዳር ዳሩን በወስፌ ይበሳል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምራል። ጎንበስ ብለህ በጎን ብርሃን ብታየው የተሰመረው ጭረት ዛሬም ይታያል። ዓምዱ፣ የመስመሩ ርቀት፣ ከሥር በሰፊው የተተወው ኅዳግ፣ ሁሉም ታስቦበታል። ዛሬ «ግሪድ» የምንለውን የደብተራ እጅ ከጥንትም ያውቀዋል። ከዚያ የመቃው ብዕር አለ፤ ጫፉ ተቆርጦ የተስተካከለ በመሆኑ ቁመቱ ሲወርድ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። ቀዩ ቀለም ለመጀመሪያ መስመሮችና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል፤ ሁለት ቀለም ብቻ ነው፣ ግን ዓይን የት መቆም እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።

የአንተ ችግር ክፍተቱ ላይ ይመስለኛል። «ቀ» እና «ገ» ከእግራቸው አጠገብ ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ «ሐ» እና «ጠ» ግን ቦታቸውን ይሞላሉ። ኮምፒውተሩ በሁሉም መሃል እኩል ርቀት ሲያስቀምጥ ቃሉ አንድ ቦታ ይጨናነቃል፣ አንድ ቦታ ይሳሳል። ስለዚህ በዓይንህ እየለካህ በእጅህ አስተካክለው። ለዚህ ጥሩ አስተማሪዎች በብሩሽ የተጻፉ የድሮ የሱቅ ታቤላዎች ናቸው፤ ፒያሳና መርካቶ አካባቢ ያሉትን ባነር ሳይተካቸው ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ። ጽሑፉን የሠራው ሰው ቆርቆሮው ሲያልቅበት ፊደሉን እንዴት እንዳጠበበ እየው፤ ብዙ ትማርበታለህ።

ጥያቄ፦ የጥበብ ልብስ ጥለት ንድፍ ከኢንተርኔት አውርጄ ቲሸርት ላይ ባሳትም ስርቆት ይሆንብኛል? (ከአዲስ አበባ)

አልማዙና መስቀሉ የሁላችን ነው። አንድ ሸማኔ ለዘንድሮ በዓል አስቦ ያወጣውን አዲስ አጣጣል ግን እንዳለ አንሥቶ ማተም አግባብ አይደለም። ሕጉ ቢያስጠይቅሽም ባያስጠይቅሽም የሰው እንጀራ ነው። የብዙ ሳምንት ሥራውን ማሽን በሰዓታት አትሞ ሲያወጣበት የሚጎዳው በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የሚውለው ሰው ነው።

ሽሮ ሜዳ ሂጂ። ብዙዎቹ ሸማኔዎች መሠረታቸው ከጋሞ፣ ከዶርዜ ነው። ፈቅደውልሽ አጠገባቸው ብትቀመጪ ጥለቱ ለምን ማዕዘን ማዕዘን እንደሚል በዓይንሽ ታያለሽ። ባለ ቀለሙ ክር የሚገባው ድሩን እየቆጠሩ ነው፤ ጨርቁ በባሕርዩ በአግድምና በቁም የተሠራ ስለሆነ ጠማማ መስመር እንኳ በትንንሽ ደረጃ ነው የሚወጣው፣ ልክ በስክሪን ላይ እንዳለ ፒክስል። ይህን ካወቅሽ የራስሽን ንድፍ በካሬ ወረቀት ላይ መሥራት ትችያለሽ፤ የወደድሽውን ንድፍ ደግሞ ከፍለሽ አሠሪ፣ የሸማኔውንም ስም ፈቃዱን ጠይቀሽ መለያው ላይ አትሚ። ገዢው ይወደዋል።

በነገራችን ላይ የተሸመነውን ከታተመው ለመለየት ገልብጡት። በሽመና የገባ ክር በጀርባውም ቀለሙ ሙሉ ነው፤ የታተመው ከጀርባ ገርጥቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ የማላውቀውን ሰው መንገድ ላይ ፎቶ ባነሣ ነውር ነው?

መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ ፎቶ። «ሳያውቅ ካልተነሣ ተፈጥሯዊ አይሆንም» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ጠይቀህ ትንሽ ከቆየህ ሰውየው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ የፈለግከውን ያኔ ታገኛለህ። ለቅሶ ላይ ያለን፣ የቸገረውን፣ ወላጁ አጠገቡ የሌለን ሕፃን ተዋቸው። ፎቶውን እልክልሃለሁ ካልክ ላክ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጆቼ ሞሰብም ሸማኔም አያዩም። ምን ላሳያቸው?

ለፓስፖርት ጉዳይ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን ስትሄጂ ልጆቹን ይዘሻቸው ሂጂና ከመግባትሽ በፊት የውጭውን ግድግዳ አሳያቸው። እዚያ ያለው የአሉሚኒየም ቅርጽ ሠዓሊዎቹ እስክንድር ቦጎስያንና ከበደች ተክለአብ እ.ኤ.አ. በ2001 የሠሩት ነው፤ ስንት ሰው በአጠገቡ ያልፋል። ልጆቹ የሚያውቁትን ምልክት እንዲፈልጉ አድርጊ። እስክንድር እዚያው ዋሽንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል፤ ለእናንተ የጎረቤት ታሪክ ነው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ባልቲሞር ወዳለው ዋልተርስ ሙዚየም ውሰጃቸው። የኢትዮጵያ መስቀሎች፣ ሥዕሎችና ብራናዎች አሉት፣ መግቢያው ነፃ ነው። ሁሉንም ለማየት አትሩጡ፤ ሁለት መስቀል መርጠው ሐረጉን (የተጠላለፈውን ጌጥ) በእርሳስ ይከተሉ፣ መስመሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይፈልጉት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ለሁለት ቀን እመጣለሁ። የት ልሂድ? (ከመቀሌ)

መካኒሳ አካባቢ ዞማ ሙዚየምን አትለፊው። በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ መሥራቾቹ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ጭቃና ጭድን እንዴት አድርገው ግድግዳ እንዳደረጉት እይ፣ የግድግዳው ላይ ቅርጽ ራሱ ሥራው ነው። ኤልያስ ከመርካቶ በተገዙ የኮምፒውተር ሽቦዎችና ሰሌዳዎች የሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች በዓለም ሙዚየሞች ታይተዋል። ስድስት ኪሎ ስትደርሺ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየምና የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ቅርብ ለቅርብ ናቸው። አስቀድመሽ መግቢያ ማመቻቸት ከቻልሽ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ በሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል እይ፤ 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ያለፈውን፣ ትግሉንና የወደፊቱን በሦስት ክፍል ይተርካል። ፎቶ ስታነሺው መስታወቱን ነክተሽ ብርሃኑን ቀንሺ፤ አዳራሹ ቢጨልምም ግድ የለም፣ አለበለዚያ ቀዩና ቢጫው ይነጣብሻል።

ጥያቄ፦ ስልኬ አሮጌ ነው። ለፎቶ ስል ልቀይረው?

አትቀይር። ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረገው፣ ዲጂታል ዙሙን ትተህ በእግርህ ቅረብ፣ ስልኩን በሁለት እጅህ ያዝ። ገንዘቡን ለመንገድ አድርገውና ሐረር ሂድ፤ በጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት አስፈቅደህ ግባና ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ስፌቶች በቀለማቸው አሰላለፍ እይ። ፎቶውን በዚሁ በአሮጌው ስልክ አንሥተህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።