የመጀመሪያ ፊኔን ልገዛ ነው፤ የቱን ልምረጥ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዱባይ ነው። ባለፈው ኅዳር ፉጃይራ ላይ የጀማሪ ጠላቂ ኮርስ ጨረስኩ። እስካሁን የምጠልቀው በኪራይ ፊን (እግር ላይ በሚደረግ የዋና ክንፍ) ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። እግሬም ወደ ታች እየወረደ አሸዋውን ያስነሳል። አብሮኝ የሚጠልቀው ጓደኛዬ ከባዱን ጥቁር የጎማ ፊን ግዢ ይለኛል። ሱቁ ደግሞ ረጅሙንና ቀላሉን ነው የሚያሳየኝ። የእግሬ ቁጥር 38 ነው። የቱን ልግዛ?»

እህቴ፣ እንኳን ኮርሱን ለመጨረስ አበቃሽ። ሁለቱንም ገና አትግዢ።

ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው 38 ላይ ነው። ኪራይ ቤት ፊን የሚደረደረው ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብሎ ነው። ለእግርሽ «መካከለኛ» ብለው ከሰጡሽ ሰፍቶሽ ሊሆን ይችላል። የሰፋ ፊን ውስጥ ደግሞ እግር አርፎ አይቀመጥም። እንዳይወልቅበት ጣቶቹን አጥፎ ጨብጦ ይይዛል። የሰፋ ነጠላ ጫማ አድርገሽ ስትሮጪ ጣቶችሽ የሚያደርጉትን አስቢው። እንደዚያ ሃያ ደቂቃ ስትቀዝፊ ውስጥ እግርሽ ይዝላል፣ ቀጥሎ ባትሽ ይጨመደዳል። የጠበበም አይበጅም፤ ጣት ያደነዝዛል። ስለዚህ አቅም የለኝም ብለሽ እንዳታስቢ። መጀመሪያ ልኩን እናስተካክል።

ፊን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ጫማ ተረከዝን ጨምሮ የሚሸፍንና በባዶ እግር የሚደረግ ነው። ሌላው ተረከዙ ክፍት ሆኖ፣ ቡቲ በሚባለው የኒዮፕሪን (ስፖንጅ መሰል ጎማ) ጫማ ላይ ተደርጎ በማሰሪያ የሚጠብቅ ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ከጀልባ በሞቀ ውሃ ለሚጠልቅ ሰው ይመቻል። ፉጃይራ ስኑፒ ደሴት ጋ ግን ከባሕሩ ዳር ተነስተሽ የአየር ሲሊንደር ተሸክመሽ በእግርሽ ነው የምትገቢው። አሸዋው ያቃጥላል፣ ዛጎሉ ይወጋል። በብርዱ ወራት ደግሞ ውሃው ወደ 22 እና 23 ዲግሪ ይወርዳል። ላንቺ ክፍቱን ከቡቲ ጋር እመርጣለሁ።

መጀመሪያ ቡቲውን ግዢ። ፊኑን ያለ ቡቲ መለካት ሱሪ ሳይለብሱ ቀበቶ እንደመለካት ነው። ሱቅ የምትሄጂው ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ቆሞ ሲውል ትንሽ ያብጣል። ቡቲሽን አጥልቂ፣ ፊኑን አድርጊ፣ ማሰሪያውን ግን ገና አታጥብቂ። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ዘርጊና ቁርጭምጭሚትሽን ግራ ቀኝ አወዛውዢ። ፊኑ ከእግርሽ ጋር እኩል መዞር አለበት። እግርሽ ዞሮ ፊኑ ዘግይቶ ከተከተለ ሰፍቷል። ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ፤ መንቀሳቀስ አለባቸው፣ ግን ጫፉን መግፋት የለባቸውም። ተረከዝሽ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ ውጭ ቢወጣ ምንም አይደለም። እንደዚሁ አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። አንድ ቦታ ላይ ቆንጠጥ ካደረገሽ፣ ባሕር ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ውሃ ይቋጥራል። «ሲለበስ ይሰፋል» ቢሉሽ አትስሚ። በሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥርም አትመኚ፤ የአንዱ ፋብሪካ መካከለኛ የሌላው ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ። ጓደኛሽ የሚልሽ ጥቁር ፊን እንደ ጄት ፊን ያለው ይመስለኛል። ስኩባፕሮ የተባለው ፋብሪካ በፈረንጆቹ ከ1965 ጀምሮ የሚሸጠው፣ አየር ላይም ውሃ ውስጥም ከባድ፣ ወፍራም ጎማ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የሚወደድበት ምክንያት አለው። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ድራይሱት (ውሃ የማያስገባ የመጥለቂያ ልብስ) የሚለብስ ሰው እግሩ ወደ ላይ ይንሳፈፍበታል፤ ይሄ ፊን ወደ ታች ይይዝለታል። አንቺ ግን በቀጭን ዌትሱት (ገላ ላይ በሚጣበቅ የመጥለቂያ ልብስ) እየጠለቅሽ እግሬ ወደ ታች ይወርዳል እያልሽ ነው። እሱ ላይ የሚሰምጥ ጎማ ብትጨምሪበት ችግሩ ይብሳል። ውሃ ውስጥ የማይሰምጥ ወይም ጥቂት ብቻ የሚሰምጥ ፊን ነው የሚያስፈልግሽ። ሱቁን «ውሃ ውስጥ ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል?» ብለሽ ጠይቂ። እጅ ላይ መዝነሽ አይታወቅም።

ከመግዛትሽ በፊት ግን እርሳስሽን፣ ማለትም ለመስመጥ የምትታጠቂውን ክብደት፣ እዪ። ጀማሪ ላይ ብዙ ጊዜ እርሳስ ይበዛበታል። እርሳሱ ወገብሽን ወደ ታች ይጎትታል። አንቺ ደግሞ ያንን ለማካካስ በአየር የሚሞላው የመጥለቂያ ጃኬትሽ ውስጥ አየር ትነፊያለሽ፣ አየሩ ደረትሽን ወደ ላይ ያነሳል። በዚህ መሃል ሰውነትሽ ዘቅዘቅ ብሎ እግርሽ አሸዋ ይነካል። የሚቀጥለው ጠለቃ መጨረሻ ላይ፣ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ሲሊንደርሽ ውስጥ 50 ባር የአየር ግፊት ሲቀርሽ ሞክሪው። የዚያን ጊዜ ሁለት ኪሎ ያህል አየር ስለተጠቀምሽ ሲሊንደሩ ቀሏል። አጋርሽ አጠገብሽ ይሁን። ጃኬቱን ባዶ አድርጊ፣ በደረትሽ አግድም ተዘርጊ፣ እጅሽን አጣምሪ፣ እግርሽን አታንቀሳቅሺ። ባለሽበት ከቆየሽ እርሳስሽ ልክ ነው። መላ ሰውነትሽ ከሰመጠ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ኪሎ ቀንሺ። እግርሽ ብቻ ከወረደ ከወገብሽ ትንሽ እርሳስ አንስተሽ ወደ ሲሊንደሩ ማሰሪያ አውጪው። አንዲት ተማሪዬ ሦስት ኪሎ ቀንሳ ፊን መቀየሩን ተወችው።

የመቅዘፊያው፣ ማለትም የፊኑ ጠፍጣፋ ክፍል፣ ርዝመትና ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሱቁ የሚያሳይሽ ረጅም ፊን ያለ ሲሊንደር በአንድ ትንፋሽ ለሚጠልቁት የተሠራ ዓይነት ከሆነ ተዪው። ሰፊ ምት ስለሚፈልግ ኮራል አጠገብ ያስቸግራል። ጠንካራ መቅዘፊያ ጉልበት ይፈጃል፣ ባትሽም ገና አልለመደም። መካከለኛ ርዝመት ያለውንና ጫፉን በእጅሽ ይዘሽ ስትጎትቺው ለስለስ ብሎ የሚታጠፈውን ውሰጂ። ለሁለት የተሰነጠቀው ፊን ለባት ይቀላል፤ በእንቁራሪት ምት (እግርን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ከፍቶ በመግፋት) እና ወደ ኋላ በመቅዘፍ ላይ ግን ደካማ ነው። እኔ የእንቁራሪት ምት ቶሎ እንድትለምጂ እፈልጋለሁ፣ አሸዋ የማያስነሳው እሱ ስለሆነ። ስለዚህ ያልተሰነጠቀው ይሻልሻል።

ለማሰሪያ ከቻልሽ ባለ ሞላውን (ስፕሪንግ ያለውን) ግዢ። የጎማው ማሰሪያ እየደረቀ ይበጠሳል፣ መቆለፊያው ውስጥም አሸዋ ይገባል። የብረት ሞላ ተረከዝሽ ላይ ጎትተሽ ታደርጊዋለሽ፣ በቃ።

እስከዚያው ባትሽ ከያዘሽ መቅዘፍሽን አቁሚ፣ አትታገዪ። የፊኑን ጫፍ ያዢና ወደ ራስሽ እየጎተትሽ ጉልበትሽን ቀስ ብለሽ ዘርጊ። ለአጋርሽም ምልክት ስጪ። ከመጥለቅሽ በፊት ደግሞ ውሃ ጠጪ፤ የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ሳይታወቅ ያደርቃል።

አዲሱን ፊን ሁልጊዜ ጨው በሌለው ውሃ እጠቢውና ጥላ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። በጫፉ አታቁሚው፣ መኪና ውስጥም አትተዪው። ነሐሴ ላይ መኪና ኋላ ተረስቶ የተጣመመ ፊን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ለማቃናት ሞክሬያለሁ። ትንሽ ይመለሳል፣ እንደ ድሮው ግን አይሆንም።