ሻደይን ለልጆቹ ልቀቁላቸው

የልጃገረዶቹ በዓል ሻደይ የሚውልበት ነሐሴ 16 ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። «ዘንድሮ አዳራሹ የት ነው? ለልጄ ጥልፍ ቀሚስ ከየት ላስመጣ?» ይሉኛል። እኔ ሰቆጣ ነው ያደግሁት፤ አሜሪካ ከገባሁ 20 ዓመት አልፎኛል። ከቀሚሱ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ልጆቹን ልቀቋቸው።

እኛ ሻደይ እንለዋለን። ላስታ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይባላል። ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረዷ ከሥራ ታርፋለች። ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ የሚላት የለም። ወገቧ ላይ ሣር አስራ፣ ከእኩዮቿ ጋር ከበሮ ይዛ ትወጣለች። የት ቤት እንደሚገቡ፣ ዘፈኑን ማን እንደሚያወጣ፣ ያገኙትን እንዴት እንደሚካፈሉ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር የለመድኩት እዚያ ነው።

እዚህ ግን መድረክ ላይ እናሰልፋቸዋለን። ዘፈኑን በስፒከር ከፍተን፣ ስልካችንን ደግነን «ፈገግ በይ» እንላለን። ልጆቹ ቢሰለቹ አልፈርድባቸውም።

አምና እኛ ሰፈር ሌላ መንገድ ሞከርን። ስድስት ልጆች ነበሩ፣ ከ11 እስከ 16 ዓመት። በዓሉን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። አምስት የሐበሻ ቤቶች ቀድመን ደወልን። በመኪና አደረስናቸው እንጂ አብረናቸው አልገባንም። ሁለተኛው ቤት አንዲት እናት ነበሩ። አማርኛ የሚያቅታት ትንሿ ልጅ ስማቸውን እየጠራች አወደሰቻቸው። ከወገቧ የረገፈውን ሣር ከምንጣፉ ላይ ልትለቅም ጎንበስ ስትል «ተይው ልጄ፣ ይቆይልኝ» አሏት። መኪና ውስጥ፣ ቤት እስክንደርስ ድረስ፣ ስለዚህ ብቻ ነበር የምታወራው።

ሁሉም ነገር ግን አይወረስም። ድሮ ሳዱላ የሚባለውን የልጃገረድ የፀጉር አቆራረጥ የተላጨች ልጅ ለትዳር ደርሳለች ይባል ነበር። ወንዶቹም ዳር ቆመው ሚስት ይመርጡ ነበር። አብራኝ የጨፈረች ጓደኛዬ በቀጣዩ ጥር ተዳረች፤ 14 ዓመቷ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። ልጆቻችሁ ከጠየቋችሁ አትሸፋፍኑ፣ እንደነበረው ንገሯቸው።

ስለ ሣሩ ደግሞ፦ የፕላስቲኩን አትግዙ። የታችኛው ጫፉ ያልተቆረጠ ጠጅ ሳር ከእስያውያን ሱቅ ገዝታችሁ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቁሙት። ሥር ሲያወጣ፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ትከሉት። ነሐሴ ላይ ወገብ ይደርሳል። ቅጠሉ እጅ ስለሚቆርጥ ከመቀነቱ በላይ፣ ወፈር ባለ ቀሚስ ላይ እሰሩላቸው።