ለፊልም ብዬ ከባንክ ልልቀቅ?

በአንድ የግል ባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆነሽ ከሠራሽ ዓመት አልፎሻል። አሁን በአንድ ፊልም መሪ ተዋናይት እንድትሆኚ ተጠይቀሻል። ቀረጻው 25 ቀን ነው። ፕሮዲዩሰሩ «ሥራሽን ልቀቂ፣ ክፍያው ፊልሙ ሲኒማ ሲገባ ነው» ብሎሻል። እናትሽ ደግሞ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብለው አኩርፈዋል።

እህቴ፣ አትልቀቂ። እናትሽ ባሉት ምክንያት ግን አይደለም። ሀገር ፍቅር ትያትር ከ1927 ጀምሮ ተዋናይ ሲያፈራ የኖረ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ትያትርን በዲግሪ ያስተምራል። ስድቡ ድሮ ቀርቷል (አዝማሪነትስ ቢሆን ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው?)።

እኔን ያስጨነቀኝ ውሉ ነው። «ሲኒማ ሲገባ» የሚባል ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ የለም። ኤዲቲንግ ይጓተታል፣ ገንዘብ ያልቃል፣ ሲኒማ ቤት ወረፋ ይጠፋል፤ አንቺ ግን ድርሻሽን ጨርሰሻል። ክፍያውን ለሦስት አስከፍዪው፦ ሲሶው ስትፈርሚ፣ ሲሶው ቀረጻው ሲጋመስ፣ ቀሪው በመጨረሻው የቀረጻ ቀን። ከ25 ቀን ካለፈ በቀን ስንት እንደሚታሰብልሽ፣ ድምፅ እንደገና ለመቅዳት ስትጠሪ ምን እንደሚከፈልሽ፣ የአልባሳቱንም ወጪ ማን እንደሚችል ይጻፍ። የልብሱን ነገር አትናቂው። በራስሽ ቀሚስ ከተቀረጽሽ ቀረጻው እስኪያልቅ ቀሚሱ የፊልሙ ነው። ዛሬ በር ስታንኳኪ ይቀረጻል፣ ገብተሽ ስትቀመጪ ከሁለት ሳምንት በኋላ፤ በመሃል ፀጉርሽን ከተቆረጥሽ ትዕይንቱ ተበላሸ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ስክሪፕቱንና የቀረጻ መርሐ ግብሩን ተቀበይና ያለሽበትን ትዕይንት ሁሉ አስምሪበት። መሪ ተዋናይትም 25ቱንም ቀን ላትፈለግ ትችላለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጥሻል። በመሃል፣ ከፊትና ከኋላ ያሉትን እሑዶች ስትጨምሪ ወደ 20 ቀን ይጠጋል። ያንቺ ትዕይንቶች በዚያ ከተደራጁ ሁለቱንም ይዘሻል። ፕሮዲዩሰሩ ለመደርደር እንኳ ፈቃደኛ ካልሆነ ግን ፊልሙ ይለፍሽ።

«አፍንጫዬ ለካሜራ ይሆናል ወይ?» ላልሽው፦ ይሆናል። ልትማሪው ያሰብሽው የሦስት ወር የትወና ኮርስ ግን መጨረሻው ላይ መድረክ ወጥተሽ የምትተውኚበት ካልሆነ ብርሽን አታውጪ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን መነሻሽ መድረክ ይሁን፤ አድልዎ ነው ብትዪኝም አልከራከርም። ፊልም ላይ ከተሳሳትሽ ይደገማል። መድረክ ላይ ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ገጸ ባሕርዪዋን ተሸክመሽ ትቆያለሽ፤ ሹክሹክታሽም የመጨረሻው ረድፍ ድረስ መሰማት አለበት። ያንን የለመደ ሰው ጠዋት ቀብር፣ ከምሳ በኋላ ሠርግ ሲቀረጽ አይደናገረውም። እስከዚያው ደብተር ያዢ፤ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሦስት መስመር ጻፊ፦ ከየት መጣሁ? ምን ለብሻለሁ? እስካሁን ያላወቅሁት ነገር ምንድን ነው? ቀረጻ ቦታ ላይ ማንም ይህን አያስታውስልሽም።