የመምህሯ በር ክፍት ነው፤ ምን ይዤ ልግባ?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አሜሪካ ስላሉት ትንንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች (አንድ ሙያ ብቻ ሳይሆን ሰፋ ያለ ትምህርት የሚሰጡ) ናቸው። ተማሪዎቻቸው ብዙውን ጊዜ ከ3,000 አይበልጡም፤ ማስትሬትና ዶክትሬት የሚማር የለም ወይም ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚያስተምረውም፣ ፈተና የሚያርመውም፣ ላብራቶሪ የሚያሳየውም ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ መጥቼ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ጀምሬአለሁ። ኮርስ አውትላይኑ ላይ «ኦፊስ አወር፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት» ይላል። ይኼ ነው የምለው ጥያቄ ሳይኖረኝ ዘው ብዬ ብገባ ነውር አይሆንም? መምህሬንስ ምን ብዬ ልጥራት?

መልስ፦ ምንም ነውር የለውም። ሰዓቱ ለተማሪ ተብሎ የተመደበ የሥራ ሰዓቷ ነው፤ ማንም ካልመጣ ብቻዋን ወረቀት ስታርም ትውላለች። ባዶ እጅህን ግን አትሂድ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከመድረሱ በፊት፣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት፣ ሦስት ነገር ይዘህ ግባ፦ የአሳይመንቱን ወረቀት፣ የሞካከርከውን አንድ አንቀጽ፣ ከንባቡ ደግሞ ያሰመርክበትን አንድ ቦታ። ስምህንና የምትማርበትን ክፍል ነግረህ «እዚህ ገጽ ላይ ደራሲው እንዲህ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ግን አልገጥም አለኝ» በላት። 15 ደቂቃ ይበቃል።

«ምንም አልገባኝም» ካልካት ከየት እንደምትጀምር ስለማታውቅ ሌክቸሩን አሳጥራ ትደግምልሃለች፤ አንተም የመጣህበትን ሳታገኝ ትወጣለህ። በማስረከቢያው ዋዜማ መሄድም አያዋጣም። አንደኛ ወረፋ አለ፤ ሁለተኛ «ሐሳቡን ከዚህ ጀምረህ ብታዞረው» ብትልህ የምታዞርበት ሌሊት የለህም። ሌላ ተማሪ ውስጥ ካገኘህ፣ በእኛ ይሉኝታ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተደብቀህ አትቁም። በሩ ላይ ብቅ በልና ትይህ፤ ያን ጊዜ የውስጡን ቶሎ ትጨርሳለች። ሰዓቱ ከሌላ ክፍል ጋር ከተጋጨብህ የሚመቹህን ሁለት ሦስት ሰዓቶችና ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈህ ኢሜይል ላክ።

አጠራሩ ላይ የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። አገር ቤት «ዶክተር» ብለን የምናስከትለው የሰውየውን የራሱን ስም ነው፤ እዚያ የሚከተለው የቤተሰቡ ስም፣ ማለትም የመጨረሻው ነው። «ፕሮፌሰር ሜሪ» ማለት ሊያከብሩ ሲሉ መድፈር ይሆናል። ራሷ «ሜሪ በለኝ» እስክትልህ ድረስ «ፕሮፌሰር» ብለህ የመጨረሻ ስሟን ጥራ። ካለችህ በኋላም አፍህ እምቢ ካለ «ፕሮፌሰር» ማለቱን ብትቀጥል አትቀየምህም።

ጥያቄ፦ ልጄ ዊሊያምስ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። በዚህ ሴሚስተር «ቱቶሪያል ወስጃለሁ» አለችኝ። ቱቶሪያል ለደከመ ተማሪ የሚሰጥ አይደለም እንዴ? ጨነቀኝ። (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አይጨነቁ እናቴ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቱቶሪያል ሲባል የማካካሻ ትምህርት ነው፤ ዊሊያምስ ላይ ግን ከኮርሶቹ ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ኮሌጁ ከኦክስፎርድ አሠራር ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመረው ሲሆን፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ መምህርና ሁለት ተማሪ ብቻ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይቀመጣሉ።

በዚህ ሳምንት ልጅዎ ከ5 እስከ 7 ገጽ ትጽፋለች፤ ባልደረባዋ አንብቦ ሁለት ገጽ ያህል ሂስ ይዞ ይመጣል። በሚቀጥለው ይለዋወጣሉ። መምህሩ አብዛኛውን ሰዓት ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ክርክሩ መንገድ ሲስት ብቻ ይገባል። ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ይኼ አይገርመውም። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) የዋለውን ቅኔ ለየኔታ ሲነግር ፊት ለፊት ይታረማል፣ ይቃናል። ዊሊያምስ ላይ ግን መጀመሪያ የሚያርመው ባልንጀራው ነው።

ነገሩ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ጽሑፉን ለባልደረባ አዘግይቶ መላክ ነው፤ አራት ሰዓት ብቻ የተሰጠው ሰው ሰዋስው ለቅሞ ይመጣል እንጂ ሐሳብ አይተችም። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። የእኛ ልጆች «በጣም ጥሩ ነው» ብለው ይጀምሩና እዚያው ያበቃሉ፤ ሰዓቱ ባዶ ይቀራል። ልጅዎ ሂስ የምትጽፍበት ተራ ሲደርስ አራት ነገር ትጻፍ፦ የጽሑፉን ዋና ሐሳብ በራሷ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የጠነከረበትን ቦታ፣ ማስረጃው የሳሳበትን ቦታ ከነገጹ፣ እና መልሱን ራሷም የማታውቀው አንድ ጥያቄ። አራተኛው ብቻውን ግማሽ ሰዓት ያናግራል።

ለዚህ ዓይነት ትምህርት ስዋርዝሞር ኮሌጅ የመረጠው ዘዴ ሌላ ነው፤ እኛም እናደንቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1922 በጀመረው የኦነርስ (ለጎበዝ ተማሪዎች የሚሰጥ) ፕሮግራም ተማሪዎቹን መጨረሻ ላይ የሚፈትኗቸው ከሌላ ተቋም የሚመጡ ምሁራን ናቸው፤ የጽሑፍም የቃልም ፈተና አለ። ውጤት የሚሰጠው እንግዳው በመሆኑ፣ ያስተማረው መምህር ዳኛነቱ ይቀርና ከተማሪው ጎን የቆመ አሠልጣኝ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ተማሪ ከመምህር 7 ለ 1» ማለት ልጄ ከሰባት ተማሪ ጋር ይማራል ማለት ነው? (አባት፣ አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ አይደለም። አንድ ተማሪ በሴሚስተር 4 ኮርስ ቢወስድና አንድ መምህር 2 ቢያስተምር፣ 7 ሲባዛ በ4፣ ሲካፈል ለ2፣ አማካዩ ክፍል 14 ተማሪ ይሆናል። አማካዩም ራሱ ያታልላል። አንዱ ክፍል 6፣ ሌላው 36 ተማሪ ቢኖራቸው ኮሌጁ «በአማካይ 21» ይላል፤ ከ42ቱ ተማሪ ግን 36ቱ ትልቁ ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ኮሌጁን ሲጎበኙ የመግቢያ ኬሚስትሪና የኢኮኖሚክስ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ይጠይቁ። ልጅዎ በሚፈልገው ትምህርት ስንቱ መምህር ቋሚ፣ ስንቱ ለአንድና ለሁለት ዓመት የተቀጠረ እንደሆነም ይጠይቁ። የኮንትራቱ መምህር ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ግን ልጁ አራተኛ ዓመት ሲደርስ እዚያ ላይኖር ይችላል። የመመረቂያ ጥናት ግዴታ መሆን አለመሆኑም ይለያያል። ሪድና ዉስተር ኮሌጆች ሁሉንም ተማሪ ያስጽፋሉ፤ ሌሎች ፈቃደኛውን ብቻ።

ጥያቄ፦ ኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ላይ ያለሁ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት። በጋውን (የአሜሪካኑን፣ አገር ቤት ክረምት የሚሆነውን) ላብራቶሪ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ጓደኞቼ «አር ኢ ዩ አመልክቺ» ይሉኛል።

መልስ፦ አር ኢ ዩ (REU) በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚካሄድ የኮሌጅ ተማሪዎች የበጋ ምርምር ነው፤ ከዚያ ገንዘብ የሚከፈላቸው የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ይኼን እወቂ። ላንቺ የሚሆነው የራሱ የኮሌጅሽ የበጋ ምርምር ገንዘብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ነው። ትምህርት ሲኖር ግቢ ውስጥ መሥራት የሚፈቀድልሽ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ በበጋ ዕረፍት ሙሉ ሰዓት ይቻላል። ከመፈረምሽ በፊት የውጭ ተማሪዎችን ጽሕፈት ቤት አማክሪ።

ማመልከቻው በብዙ ቦታ ጥርና የካቲት አካባቢ ስለሚዘጋ ከመምህሩ ጋር መነጋገር ያለብሽ በኅዳር ነው። ከቅርብ ጊዜ ጽሑፎቹ ሁለቱን አንብቢ። ሁሉም ባይገባሽ የሠሩበትን ዘዴ የሚያስረዳውን ክፍልና ምስሎቹን እይ። ከዚያ አምስት ስድስት መስመር ጻፊለት፦ ማን እንደሆንሽ፣ ከጽሑፉ የቱ እንደሳበሽ፣ የወሰድሻቸውን የላብ ኮርሶች፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳለሽ። ሲቀበልሽ ሁለት ነገር ጠይቂው፦ ከላቡ ዘንድሮ የሚመረቀው ማን ነው፣ መምህሩ ራሱስ በሚቀጥለው ዓመት ሳባቲካል (ከማስተማር የሚያርፉበት የምርምር ፈቃድ) ይወጣል ወይ? በትንሽ ኮሌጅ በአንድ ዘርፍ አንድ መምህር ብቻ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ሲወጣ ላቡ ሊቆም ይችላል። የሚመረቀውን ተማሪ የምትጠይቂው ደግሞ፣ ሥራውን የሚያስተምር የዶክትሬት ተማሪ ስለሌለ፣ የላቡን ማሽን በእጁ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ነው። ሳይሄድ ተለማመጂበት።

ጥያቄ፦ ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) ከማን ልጠይቅ? ኤ ከሰጠኝ ወይስ በደንብ ከሚያውቀኝ?

መልስ፦ ከሚያውቅህ፣ ቢ ፕላስ ቢሰጥህም። ጽሑፍህን ሦስቴ ስታሻሽል ያየ መምህር የሚጽፈው ነገር አለው፤ ኤ ብቻ የሰጠህ ውጤትህን ነው የሚደግመው፣ እሱ ደግሞ ትራንስክሪፕትህ ላይ አለ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብለህ ጠይቅ፤ ሲቪህን፣ የማመልከቻህን ረቂቅና እሱ ራሱ ያረመልህን አንድ የቆየ ወረቀት ከነአስተያየቱ ስጠው። «ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርግ፤ አንባቢዎቹ ያንን ካላዩ ደብዳቤውን ያን ያህል አያምኑትም።